«እሺ» ያስፈራኛል

እንዴት ዋላችሁ ድሬዎች! ሙቀቱ እንዴት ይዟችኋል? ይሄ ማራገቢያ ከእኔ በላይ ይጮሃል፤ ከኋላ ያላችሁ ካልሰማችሁኝ እጃችሁን አውጡ። ዝም ብላችሁ አንገታችሁን አትነቅንቁልኝ። የመጣሁበት ጉዳይ ራሱ እሱ ነው፣ ሳይሰሙ አንገት መነቅነቅ።

ብዙ ዓመት የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሰው ሥራዬን ሲሰማ ራዳር ነው ትዝ የሚለው። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ሥራችን ወሬ ነው። እኔ መመሪያ እሰጣለሁ፣ ፓይለቱ የሰማውን መልሶ ይነግረኛል፣ እኔ ደግሞ በትክክል መመለሱን አዳምጣለሁ። ይሄ መልሶ መናገር ሪድባክ ይባላል። ቀላል ይመስላል አይደል?

ጀማሪ ሳለሁ አንድ ማታ ለአንድ ፓይለት ወደ 13,000 ጫማ ውረድ አልኩት። እሱ «12,000» ብሎ መለሰ። እኔም «ትክክል» አልኩ! 12,000 ላይ ሌላ አውሮፕላን ነበር። አጠገቤ የነበረው ባልደረባዬ ክንዴን ጎሸም አድርጎ «አስራ ሁለት እኮ ነው ያለህ» አለኝ። ወዲያው አስተካከልኩት፣ ምንም አልሆነም። ግን እጄ ለአንድ ሰዓት ያህል ተንቀጠቀጠ። ልብ በሉ፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ጆሮዬ የሰማው የተባለውን ሳይሆን የጠበቀውን ነው።

ቁጥር ደግሞ ክፉ ነው። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ገብታችሁ ሻጩ «ሁለት መቶ ሰላሳ» ሲል «ሁለት መቶ ስልሳ» ሰምታችሁ አልተጣላችሁም? እ.ኤ.አ. በ1989 ኩዋላ ላምፑር አካባቢ አንድ የጭነት ቦይንግ 747 ወደ 2,400 ጫማ እንዲወርድ ታዘዘ። ተቆጣጣሪው ቁጥሩን «ቱ ፎር ዜሮ ዜሮ» ብሎ ጠራው። በእንግሊዝኛ «ቱ» ሁለትም ነው፣ «ወደ»ም ነው። ፓይለቶቹ «ወደ 400» ብለው ሰሙት። ኮረብታ መቱ፣ ውስጡ የነበሩት አራቱም ሞቱ። አንዲት ቃል ናት።

ድሬ ላይ ሰው ቁርሱን በሶማሊኛ አዝዞ፣ በኦሮምኛ ተከራክሮ፣ በአማርኛ ይከፍላል፤ ስለዚህ በሁለተኛ ቋንቋ መሥራት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ዓለም አቀፍ በረራ ላይ ያሉ ፓይለቶችና ተቆጣጣሪዎች የእንግሊዝኛ ፈተና አለባቸው፣ ከስድስት ደረጃ ቢያንስ አራተኛውን ማግኘት ግድ ነው። ጥሩ ነው። ግን ፈተናው «እሺ» ማለትን አያስቀርም።

አሁን ወደ ትልቁ ልምጣ። መጋቢት 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ.፣ የስፔኗ ቴነሪፍ ደሴት። ጭጋግ ነው። ሁለት ቦይንግ 747 አንድ ማኮብኮቢያ ላይ ናቸው፣ የመቆጣጠሪያው ማማ ደግሞ አንዱንም አያይም። ለአንደኛው ከተነሣ በኋላ የሚሄድበት መስመር ተነገረው። ልብ በሉ፣ ተነሣ አልተባለም፤ ግን መመሪያው ውስጥ «ቴክ ኦፍ»፣ መነሣት፣ የምትለው ቃል ነበረች። ረዳት ፓይለቱ መልሶ ሲያበቃ «አሁን ቴክ ኦፍ ላይ ነን» የሚመስል ነገር ጨመረ። ቆመን እየጠበቅን ነው ማለቱ ነው ወይስ እየተነሣን? ተቆጣጣሪው «ኦኬ» አለ። የኛው «እሺ»! ቀጥሎ «ጠብቅ፣ እጠራሃለሁ» አለ። በዚያችው ሰከንድ ሌላኛው አውሮፕላን «እኛ ገና ማኮብኮቢያው ላይ ነን» እያለ ነበር። በዚያ ሬዲዮ ሁለት ሰው እኩል ቁልፍ ከተጫነ ድምፁ ተጋጭቶ ሲጥ ይላል። በሚነሣው አውሮፕላን ኮክፒት፣ ፓይለቶቹ ክፍል ውስጥ፣ በደንብ የተሰማው «ኦኬ» ብቻ ነው፣ የቀረው ፉጨት። ሁለቱ ተጋጩ፣ 583 ሰው አለቀ።

ከዚያ ወዲህ «ቴክ ኦፍ» የሚባለው ፈቃዱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ ሆነ፤ ሌላ ጊዜ «ዲፓርቸር»፣ ጉዞ፣ ነው የሚባለው። እኔን ግን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። እየተንደረደሩ ሳለ የበረራ መሐንዲሱ ያኛው አውሮፕላን ወጥቷል ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ ወጥቷል አለ። ካፒቴኑ የድርጅቱ አሠልጣኝ፣ ስመ ጥር ሰው ነው። መሐንዲሱ ዝም አለ።

ይሉኝታ ነው ሌላ ምን አለ! እ.ኤ.አ. በ1990 ኒው ዮርክ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ አየር ላይ እንዲጠብቅ የተደረገ ቦይንግ 707 ነዳጁ ሊያልቅ ነው። ካፒቴኑ «ድንገተኛ አደጋ ላይ ነን በላቸው» አለ። ረዳቱ ሬዲዮ ላይ «ነዳጅ እያለቀብን ነው» ብሎ በጨዋ አነጋገር ጣል አደረጋት። የአደጋ ጊዜ ጥሪዋን፣ «ሜይዴይ»ን፣ አላለም። ማማውም ወረፋ ነው ያስያዘው። ከ158 ሰው 73ቱ ሞቱ።

እኛ ድሬዎች ትንሽ ትልቁን «አንተ» ስንል ሌላው አገር እንደ ስድ ያየናል። አቦ ይየን! ሬዲዮ ላይ «እርስዎ» የለም። ሃያ ሺህ ሰዓት የበረረውን ካፒቴን አንዲት የሃያ አምስት ዓመት ልጅ «አይደለም፣ ድገም» ትለዋለች፣ እሱም ይደግማል። ከእናንተ መሃል ይሄን ሥራ የምታስቡ ካላችሁ፣ ከእንግሊዝኛችሁ በፊት «አልሰማሁም፣ ድገምልኝ» ማለትን ተለማመዱ፣ ቤት ውስጥ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ መምህራችሁ ፊት።

ጨርሻለሁ። አንድ መልእክት ተሰጥቶኛል፦ የፊቱ በር ስለተቆለፈ መውጫው በግራ በኩል ባለው የኋላ በር ነው።

እሺ ያላችሁ ተቀመጡ። አንተ ቢጫ ቲሸርት የለበስከው፣ ምን አልኩ?