«ዕድሜ ነው» እያልን የምንተወው ሕመም

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ የማወራው ስለ ሽንትና ስለ ሰገራ ነው። አዎ፣ በትክክል ሰምታችኋል።

እኛ ዘንድ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ቡና ላይ እንደልብ ይወራል። ሽንቷ የሚያመልጣት እናት ግን ለገዛ ልጇ እንኳ አትናገርም። አክስቴ ዓመታት እንደዚያ ኖረዋል። ለቅሶ ቤት ሲሄዱ በር አጠገብ ነው የሚቀመጡት። ሻይ ሲቀርብላቸው «ጠጥቼ ነው የመጣሁት» ይላሉ። ቦርሳቸው ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ቅያሪ የውስጥ ልብስ አይጠፋም፣ ሊያስነጥሳቸው ሲል ደግሞ ቶሎ ብለው እግራቸውን ያጣምራሉ። ስንጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ዕድሜ ነው ልጄ፣ ስንት ወልጄ የለ?»

ይሄ «ዕድሜ ነው» የሚባል ነገር በጣም ያናድደኛል። ወሊድም ዕድሜም ከታች ያለውን ጡንቻ ያላላሉ፣ እውነት ነው። አይታከምም ማለት ግን አይደለም።

አክስቴ እንዳያመልጣቸው ብለው ውሃ መጠጣት ትተው ነበር። ብዙ ሰው ይሄን ያደርጋል፣ የሚያመጣው ግን ተቃራኒውን ነው። ውሃ ያልጠጣ ሰው ሽንቱ ይወፍርና ፊኛውን ይቆጠቁጠዋል፣ ጭራሽ ቶሎ ቶሎ ያስኬደዋል። ሆድም ይደርቃል፣ የደረቀው ሰገራ ደግሞ ፊኛውን ይጫነዋል። በመጨረሻ ለአንዲት ሐኪም ተናገሩ። ሽንታቸው ተመረመረ፣ ስኳራቸው ታየ፣ ከዚያ ወደ ፊዚዮቴራፒ ተላኩ። የታዘዘላቸው ስፖርት ተኝተውም ተቀምጠውም የሚሠራ ነው፤ ሽንትና ፈስ እንደሚይዝ ሰው ጡንቻውን ወደ ላይ ስብ አድርጎ ትንሽ ማቆየት፣ መልቀቅ፣ እንደገና መድገም፣ ትንፋሽ ሳያፍኑ፣ በቀን 3 ጊዜ። በሳምንት ለውጥ አይመጣም፣ 3 ወር ገደማ ይፈልጋል፣ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወውም እዚህ ላይ ነው። አክስቴ አልተዉም። ሙሉ በሙሉ ቆመላቸው አልላችሁም፣ ግን አሁን ሰው ቤት ሄደው ሻይ ይጠጣሉ።

ልጆችስ? አልጋ ላይ የሚሸና ልጅ ሰነፍ አይደለም። እስከ 5 ዓመት ድረስ የተለመደ ነው፣ ከዚያ በኋላም ብዙ ልጅ ላይ ይቀጥላል፣ በዘርም ይመጣል። እባካችሁ ፍራሹን ጎረቤት እያየ አውጥታችሁ ልጁን አታሸማቅቁት። ዱላ ፊኛን አያስተምርም። ትቶት የነበረ ልጅ ድንገት ከጀመረው ግን፣ በተለይ ውሃ ውሃ የሚል ከሆነና ከከሳ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ስኳሩን አስመርምሩ።

አባቶችም ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ እየተነሱ፣ ሽንቱ ቀጥኖ እያንጠባጠበ፣ ዝም ይላሉ። ብዙ ጊዜ የፕሮስቴት (ከፊኛ ሥር ያለ የወንድ ዕጢ) ማበጥ ነው፣ ካንሰር ነው ማለት አይደለም፣ መድኃኒት አለው። ጭራሽ አልወርድ ካለ ግን ለነገ የሚባል አይደለም፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው።

ምጥ ቀናት ፈጅቶባት ከዚያ ወዲህ ሽንት ወይም ሰገራ ያለማቋረጥ የሚፈሳት ሴት ካወቃችሁ፣ ያ ፌስቱላ ሊሆን ይችላል። እርግማን አይደለም፣ በብልትና በፊኛ ወይም በሰገራ መውጫ መካከል የተፈጠረ ቀዳዳ ነው፣ በኦፕራሲዮን ይዘጋል። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤቷ በ1959 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ መጥተው ኋላ አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል የከፈቱት ለእነዚህ እናቶች ነው። ሕክምናው በነፃ ነው። ባሕር ዳር፣ ይርጋለም፣ ሐረር፣ መቱና መቀሌም ማዕከላት ተከፍተዋል። ይሄን ሳትሰማ ጓዳ ውስጥ የተቀመጠች ሴት ዛሬም አለች፣ እሱ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ፣ ኪንታሮት ነው ብላችሁ ራሳችሁ አትደምድሙ፣ ታዩ። ወገብ አሟችሁ መቀመጫችሁ አካባቢ ከደነዘዘና ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ ደግሞ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ካርድ ክፍል ሰው ፊት «ምንድነው ያመመህ?» ሲባል ማፈር እንዳለ አውቃለሁ። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡ። ሴት ሐኪም እፈልጋለሁ ማለት ይቻላል፣ በሩ ይዘጋልኝ ማለትም ይቻላል። ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ቀን ያህል ስንት ጊዜ እንደሸናችሁ፣ ምን እንደጠጣችሁ፣ መቼ እንዳመለጣችሁ ጻፉና ያዙ፤ ለሐኪሙ ከየትኛውም ገለጻ በላይ ይጠቅመዋል።