ስርማኩን የሰፋችው ማን ናት?

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ የኪነ ጥበብ ማኅበራችን አባላት፣ ከሺምኬንትና ከካራጋንዳ በባቡር የመጣችሁ ወዳጆች፣ እንኳን ወደ ካዛኪስታኗ ከተማችን አልማቲ በደኅና መጣችሁ። አዳራሹን ያለ ክፍያ ለፈቀዱልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። የዓመቱ ክንውን በሪፖርቱ ስለሰፈረ አላነብላችሁም፤ ዐውደ ርእይ አሳይተናል፣ ወጣቶች ተቀብለናል፣ የጣሪያው ጥገና ዘንድሮም አልተጀመረም።

ዓመቱን ሙሉ ያጨቃጨቀን ግን አንድ ጉዳይ ነው። ስርማክና ተኬመት፣ እነዚያ የሱፍ ምንጣፎቻችን፣ በሥራዎቻችን ውስጥ ሲገቡ የሠሯቸው እናቶች ስም ከሥራው ጎን ይጻፍ ወይስ አይጻፍ?

«ሱፍ ቁሳቁስ ነው፤ የቀለም ፋብሪካን ስም ማን ይጽፋል?» ያላችሁኝ አላችሁ። እስቲ አሠራሩን አስታውሱ። ሱፉ በበትር ይደበደባል፣ በሸምበቆ ምንጣፍ ላይ ይነጠፋል፣ ሙቅ ውሃ እየተረጨበት ይጠቀለላል፤ ሴቶቹ ጎን ለጎን ተንበርክከው በክንዳቸው እየተጫኑ ያንከባልሉታል። ለስርማክ ደግሞ ሁለት ቀለም ያለው ሱፍ ተደርቦ በአንድ ጊዜ ይቆረጣል። ከጥቁሩ የወጣው ቅርጽ የነጩን ክፍተት ይሞላል፣ የነጩም የጥቁሩን፤ ብጣሽ እንኳ አይጣልም። የበግ ቀንድ የሚመስለው ጌጣችን የት ላይ እንደሚጠመዘዝ የምትወስነው ቆራጯ ናት። ይህን የቀለም ፋብሪካ ያደርገዋል?

የምኮራበትም አለ። «ቀይ ትራክተር» የተባለው የሺምኬንት ሠዓሊያን ቡድን አባላት የዘላኑን ሕይወት ወደ ዘመናዊ ጥበብ ሲያመጡ የሳቀባቸው ብዙ ነበር። ሠዓሊዋ ጉልኑር ሙካዣኖቫ ዛሬ በርሊን ተቀምጣ በሱፍ ረቂቅ ሥራዎች ትሠራለች። ሌላዋ ሠዓሊ ሳውሌ ሱሌይሜኖቫ ሱፍ ሳትነካ፣ በተጣሉ የፕላስቲክ ከረጢቶች፣ ከአሮጌ ፎቶግራፎች የቀደሙትን ሰዎች ፊት መልሳልናለች። በየአጥሩ የሚለጠፈውን የፋብሪካ የበግ ቀንድ ጌጥ ከዚህ ጋር አንድ አድርጎ «ቅርስ» የሚለኝ ሰው ያናድደኛል። አንዳንዱን የነደፉት ደግሞ የእኛው አባላት ናቸው፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ከ1930 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. በነበረው ረሃብ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ካዛኮች አለቁ፤ መንጋው አለቀ፤ ዘላኑ በግድ እንዲሰፍር ተደረገ። ከዚያ እልቂት በኋላ ሙያውን በየመንደሩ ያቆዩት እነዚህ ሴቶችና እናቶቻቸው ናቸው። ዩኔስኮ በ2014 እ.ኤ.አ. የካዛክንና የኪርጊዝን የዩርት፣ ማለትም በሱፍ የሚሸፈነውን የዘላን ድንኳን፣ አሠራር ዕውቀት በቅርስነት መዝግቧል። እኛ በአንድ መስመር ጽሑፍ እንጨቃጨቃለን!

ገንዘቡም ያው ነው። ለሱፍ ባለሙያዎቹ በቅድሚያ እንዲከፈል ያቋቋምነው ፈንድ ባዶ ነው፤ መዋጮውን የከፈሉት በአብዛኛው ከሁላችሁም ያነሰ ገቢ ያላቸው ወጣቶች ናቸው። ዛሬ ያልመጣኸው ወዳጄ፣ ስምህን አልጠራም፤ እዚህ ያሉት ያደርሱልሃል። ሥራህ ተሽጧል፣ እንኳን ደስ አለህ። ሱፉን ያዘጋጁልህ እናት ግን ክፍያቸውን እየጠበቁ ነው፤ ስልክ ስለማታነሳላቸው የሚደውሉት ለእኔ ነው። ምን ልበላቸው?

የደንቡ ማሻሻያ ረቂቅ በየወንበራችሁ ላይ ተቀምጧል። ስም ይጻፍ፣ ክፍያም ከዐውደ ርእዩ በፊት ይፈጸም ይላል። ከሻይ በፊት ድምፅ እንሰጥበታለን፤ ማንም እንዳይወጣ።