በኪራይ በተሰጠ ምድር የተወለዱ ሰዎች ዜግነት፦ የጋምቤላ ጉዳይ

ክቡራትና ክቡራን፣

ዛሬ የምናገረው በባሮ ዳር፣ በጋምቤላ በነበረው የሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ ስለተወለዱ ሰዎችና ስለ ልጆቻቸው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል አራተኛ አንቀጽ፣ በኢታንግ አቅራቢያ ስፋቱ ከ400 ሄክታር፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱም ከ2000 ሜትር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ ፈቀዱ። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከሱዳን መጥተው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ነጋዴውና ጸሐፊው በዚያው ትዳር መሠረቱ፤ ልጆችም ወለዱ።

የእነዚህ ሰዎች የዜግነት ማመልከቻ ሲቀርብ በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ የተወለዱት በማን አገር ነው የሚለው ነው። መልሱ ከውሉ ይገኛል። መሬቱ የተከራየው ለንግድ፣ ያውም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ሲሆን፣ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውል በግልጽ ተከልክሏል። እንግሊዝ በ1890 ዓ.ም. ከቻይና ለ99 ዓመት የተከራየችውን የሆንግ ኮንግ ሰሜናዊ ምድር የቅኝ ግዛቷ አካል አድርጋ፣ በዚያ የሚወለደውንም እንደ ተገዢዋ ትቆጥር ነበር፤ የምኒልክ ውል ግን ለእንዲህ ያለ እርምጃ በር አልከፈተም። በጣቢያው የተወለደ ሰው የተወለደው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው።

ይህ ብቻውን ግን ዜጋ አያደርገውም። የሐምሌ 1922 ዓ.ም. የዜግነት ሕግም ሆነ አዋጅ ቁጥር 378/1996 መነሻ የሚያደርጉት የትውልድ ቦታን ሳይሆን የአባትን ወይም የእናትን ኢትዮጵያዊነት ነው። አባቷ ሱዳናዊ ነጋዴ፣ እናቷ አኙዋ የሆኑ አንዲት አረጋዊት ቀረቡ እንበል። በእጃቸው ያለው ብቸኛ ወረቀት የሱዳን መንግሥት ማኅተም ያረፈበት ሊሆን ይችላል፤ ማኅተሙ ግን ጣቢያውን ማን ያስተዳድር እንደነበር እንጂ የሴትዮዋን ዜግነት አይናገርም። መጣራት ያለበት የእናታቸው ወገን፣ የ1922ቱ ሕግ የተቀላቀለ ጋብቻን ለብቻው ስለሚመለከትም የወላጆቻቸው ጋብቻ ሁኔታ ነው። የአባታቸው መንደር ዛሬ በደቡብ ሱዳን የሚገኝ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የሦስት መንግሥታትን ሕግ ይነካልና ማንም ሳይቀበላቸው እንዳይቀሩ እሠጋለሁ።

ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ የኪራዩ መሠረት አበቃ፤ ከዚያ በፊት በጣቢያው የተወለዱት ዛሬ ሁሉም ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው፤ ምስክሮቻቸው ደግሞ ከእነርሱ ይበልጣሉ። ስለዚህ ማመልከቻ መርማሪዎችን የምለምነው የሰነድ መጥፋትን ብቻውን የእምቢታ ምክንያት እንዳታደርጉት፣ የአገር ሽማግሌዎችን ቃል በሕይወት ሳሉ በጽሑፍ እንድትቀበሉ፣ ውድቅ የምታደርጉት ጥያቄ ቢኖርም ባለጉዳዩ ይግባኝ የሚልበት ዝርዝር ምክንያት በጽሑፍ እንድትሰጡት ነው።

አመሰግናለሁ።