የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን የተቀመጥኩት ካለፈው ሴሚስተር ጀምሮ ሲከነክነኝ የቆየ ጉዳይ ስላለ ነው። ሚድዋይፈሪ የማስተምራቸው ልጆች ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለምን ለምን እንደሚጠቀሙበት ማየት ከጀመርኩ ወዲህ፣ ስለ እነርሱ ብቻ ሳይሆን ስለ ራሴ አስተማሪነትም ብዙ ነገር ተገልጦልኛል።

አትጠቀሙበት ብዬ አልከለክላቸውም። አንዲት ተማሪ ከተረኝነቷ በፊት በነበረው ምሽት 8 ሚሊ ሊትር ባለ 50 በመቶ ማግኒዥየም ሰልፌት (ለነፍሰ ጡር የሚሰጥ የመንቀጥቀጥ መከላከያ መድኃኒት) ከ12 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ተቀላቅሎ እንዴት 4 ግራም የያዘ ባለ 20 በመቶ ድብልቅ እንደሚሆን አልገባ ብሏት ስልኳን አራት ጊዜ ብትጠይቀው፣ አራቱንም ጊዜ በትዕግሥት ያስረዳታል። እኔ በሦስተኛው ላይ ፊቴ እንደሚለወጥ አውቃለሁ። ስለዚህ ለማስረዳት፣ ለመጠየቅና ለፈተና ለማዘጋጀት ጥሩ ረዳት መሆኑን አልክድም።

ችግሩን በቅርብ ያየሁት በስኪል ላብ፣ በመለማመጃ ክፍላችን ውስጥ ነው። አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የነፍሰ ጡር ታሪክ አወሳሰድ ለመለማመድ ፈልጋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳረገዘች የ22 ዓመት ሴት ሆኖ በአማርኛ እንዲመልስላት ስልኳ ላይ ያለውን መሣሪያ አዘዘችው። ሐሳቡ ደስ አለኝና አጠገቧ ቆሜ ማዳመጥ ጀመርኩ። «የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?» ብላ ስትጠይቀው «ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.» ሲል መለሰላት። ሳቄ መጣ። በጤና ጣቢያ በሠራሁባቸው ዓመታት እንዲህ ብላ የመለሰችልኝ ሴት ብትኖር በጣት የምትቆጠር ናት። እናቶቻችን «የጥምቀት ሰሞን ነው»፣ «ሁዳዴ ሳይያዝ»፣ «ጤፉ ሲታጨድ» ነው የሚሉት፤ ተማሪዋም መማር ያለባት ከዚያ ተነሥቶ፣ ጥምቀቱ ከመዋሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ታቦቱ ሲወጣ ሄደሽ ነበር ወይ እያሉ ቀኑን መፈለግ ነው።

ቀጥላም የመውለጃዋን ቀን እንዲያሰላላት ጠየቀችው። በዚህ ጊዜ ሳቄን ትቼ ወረቀት አወጣሁ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዘጠኝ ወርና ሰባት ቀን የሚደመርበት ስሌት በእኛ ዘመን አቆጣጠር እንዳለ አይሠራም፤ የእኛ ወር ምንጊዜም 30 ቀን ስለሆነ ከመጨረሻው የወር አበባ የሚቆጠረውን 280 ቀን ለመሙላት ዘጠኝ ወርና 10 ቀን እንደምራለን፤ በመካከሉ ጳጉሜን ካለፈች ደግሞ 5 ቀን ብቻ፣ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት 4 ቀን እንጨምራለን። ስለዚህ የጥር 11ዷ ሴት የምትጠበቀው ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። መሣሪያው ግን ጳጉሜን እንደ አንድ ሙሉ ወር ቆጥሮ ሰባት ቀን ደመረና መስከረም 18 አላት። ልዩነቱ 28 ቀን ነው። በዚህ ስሌት የሄደች እናት ገና 37 ሳምንት ላይ ሳለች 41 ሳምንት እንደሞላት ይታሰብና ምጥ ማስጀመሪያ ሊታዘዝላት ይችላል። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ተማሪዋ መልሱን ሳትጠራጠር ደብተሯ ላይ መገልበጧ ነው፤ የእኛን ስሌት እኮ ከአንድ ወር በፊት እኔው ራሴ በሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬያት ነበር።

ሌላው የቋንቋው ነገር ነው። ደም ግፊቷ ከፍ ያለ ነፍሰ ጡር «ልቤን ያቃጥለኛል» ብትል፣ ከገጠር የመጣ ተማሪ እጇን የት እንደምታሳርፍ ያያል፤ ከደረት አጥንቷ በታች፣ ከሆዷ በላይ ነው። በፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና በሚመጣ የደም ግፊት ሕመም) ጊዜ እርሱ የአደጋ ምልክት ነው። መሣሪያውን በዚሁ ቃል ብጠይቀው አንድ ጊዜ ስለ ልብ ሕመም፣ አንድ ጊዜ ቅመም ስለ መቀነስ መከረኝ። ስለ ደም ግፊቷ ሳነሣለት አስተካክሎ መለሰ፤ ነገር ግን ምን ማንሣት እንዳለበት ያልለመደ ተማሪ ከመጀመሪያው መልስ ጋር ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አሁን ወደማፍርበት ነገር ልምጣ። በሴሚስተሩ መጨረሻ አንድ ተማሪ ያስገባልኝ የኬዝ ሪፖርት ከነፓርቶግራፉ (የምጥ መከታተያ ሰንጠረዡ) እጅግ ያማረ ነበር። የፅንሱ የልብ ምት በየግማሽ ሰዓቱ 138፣ 140፣ 142 እያለ ተመዝግቧል፤ የማህፀን በር ከ4 ሴንቲሜትር ተነሥቶ በየሰዓቱ አንድ አንድ እየጨመረ ልክ በስድስተኛው ሰዓት 10 ደርሷል። ምጥ እንዲህ በማስመሪያ አይሄድም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው የምጥ ክትትል መመሪያም በሰዓት 1 ሴንቲሜትር የሚለውን መስመር ትቶ ንቁውን ምጥ (የማህፀን በር ፈጠን ብሎ የሚከፈትበትን ደረጃ) ከ5 ሴንቲሜትር ነው የሚያስጀምረው። ልጁን ጠርቼ ስጠይቀው አልደበቀኝም። «ሲስተር፣ እናትየዋ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስትመጣ እያማጠች ነበር፤ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ወለደች። ፓርቶግራፉን ግን መሙላት ነበረብኝ» አለኝ። ያልነበረ የስድስት ሰዓት ምጥ በስልኩ አስጽፏል ማለት ነው።

ልቆጣ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ለተሟላ ፓርቶግራፍ 15 ነጥብ የሚሰጠውን ቅጽ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ጥድፊያ ላይ ለደረሰች እናት የሚሆን ባዶ ቦታ የለውም። እናት ከወለደች በኋላ ቁጭ ብሎ ፓርቶግራፍ መሙላትም ስልክ ሳይመጣ በፊት በየማዋለጃ ክፍሉ የምናውቀው የቆየ በሽታ ነው። የቀድሞው ተማሪ ሲዋሽ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የቁጥሩን አለመግጠም አይተን እንይዘው ነበር። አሁን ውሸቱ ንጹሕ ሆኖ፣ ተስተካክሎ ይመጣል።

ቅጹን ቀየርኩት። አሁን ነጥቡ የሚሰጠው ተማሪው ያላየውን «አላየሁም» ብሎ ለጻፈበት ክፍት ቦታ ጭምር ነው፤ ሪፖርቱንም አልጋው አጠገብ ቆሞ በቃሉ ያስረዳኛል። የእናትየዋን ካርድ ፎቶ አንሥቶ ለመሣሪያ መላክ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ስሟና የካርድ ቁጥሯ የእርሷ ነው፤ በዚህ አልደራደርም። መሣሪያውን መጠቀም ይችላሉ፤ ይሁን እንጂ በየሳምንቱ ሲሳሳት ያገኙበትን አንድ ቦታ ይዘው መምጣት አለባቸው። የመጀመሪያ ሰሞን ምንም አላመጡም። አሁን እየተሻሙ ያመጣሉ።

በክፍሉ ጠረጴዛ ላይም አንድ ተራ ደብተር አስቀምጫለሁ። እናቶች የተናገሩትን ቃል እንዳለ ይጽፉበታል፤ ከጎኑ ተማሪው ምን እንደተረዳና ምን እንዳደረገ ይጽፋል። ባለፈው ማክሰኞ ስገልጠው፣ ያቺው የጥር 11ዷ ተማሪ «ዛሬ ልጁ ተኝቶ ዋለ አለችኝ» ብላ ጽፋለች። ከጎኑ «ፌቶስኮፕ» (የፅንስ ልብ ምት ማዳመጫው) ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ ሙሉ ደቂቃ ቆጥራ ያገኘችውን ቁጥር በእርሳስ አስፍራለች፤ 128።