ዓለም ያልያዘችው ሰውዬ ኪሴ ገባ

ሰላም ሰላም። ማይኩ ዛሬ አልጮኸም፤ ተመስገን።

እሺ፣ ስለዚያች ብር ነው። የጀርመንኛ ክፍሏን ዩክሬናዊት ታስታውሷታላችሁ አይደል? «ዴር፣ ዲ፣ ዳስ» ላይ አብረን የምናለቅሰዋን። የመጨረሻው ቀን ቦርሳዋን ከፈተችና አንዲት ወረቀት አወጣች። 500 ሂሪቭኒያ፣ የዩክሬን ገንዘብ። ቡናማ፣ መታጠፊያዋ የሳሳ። «ለማስታወሻ» አለችኝ።

እኔስ ምን አልኩ? «ስንት ዩሮ ይመጣል?»

አልሳቀችም። አልተቆጣችምም እኮ። ብሯን ተቀብላኝ ወደ መስኮቱ አነሳቻት። ባዶ የሚመስለው ነጭ ቦታ ላይ የሰውዬው ፊት ብቅ አለ። «ስኮቮሮዳ ነው» አለች።

ስሙ መጥበሻ ማለት ነው፤ የምሬን ነው! ፈላስፋ ነው፤ በፈረንጆቹ በ1722 ተወልዶ በ1794 የሞተ። ፒተርስበርግ ቤተ መንግሥት ይዘምር ነበር፤ ተወው። ካርኪቭ አስተማረ፤ እሱንም ተወው። ከዚያ ሃያ አምስት ዓመት ያህል በእግሩ ዞረ፣ ሰው ቤት እያደረ። አኩፋዳ ብቻ ነው የጎደለው፣ የኛ የቆሎ ተማሪ በሉት። ግን የኛው ተምሮ ይመለሳል፤ ይሄ... ተውት፣ አልገጠመም።

መቃብሩ ላይ የተጻፈው «ዓለም ልትይዘኝ ሞከረች፤ አልያዘችኝም» የሚል ነው። በፈረንጆቹ 2006 ታዲያ 500 ላይ አተሙት! ያኔ ትልቋ ኖት እሷ ነበረች፤ 1000ዋ የመጣችው በ2019 ነው። ቤት እንኳ ያልያዘ ሰው ብር ላይ! ሳቄ መጣ።

እሷ ግን «ሩሲያዎቹ የሱን ሙዚየም መቱት» አለች። ሜይ 2022፣ ካርኪቭ ክልል፣ በስሙ የምትጠራው መንደር ውስጥ። ሚሳኤል ነው። ቤቱ ነደደ። የሰውዬው ሐውልት ግን ቆሞ ቀረ።

ሳቄ ፊቴ ላይ እንዳለ ነው ይሄን የነገረችኝ።

ስጦታ ሲሰጡት ዋጋ የሚጠይቅ ሰው አይታችኋል? እናቴ ብትሰማ ቆንጥጣ አትለቀኝም። ግን ደግሞ... ወደ አገር ቤት ብር የሚልክ ሰው ታውቁታላችሁ። ማለዳ ዓይኑን ሲገልጥ «ምንዛሪው ዛሬ ስንት ገባ?» ነው። እሷም ትልካለች። ይገባታል መሰለኝ። ወይም ራሴን እያጽናናሁ ነው።

መልእክት ጽፌላት ነበር። አጠፋሁት። ምን ልበላት፣ ይቅርታ? ለምኑ?

ትናንት ማታ ብሯን አውጥቼ መስኮቱ ጋ ያዝኳት። ፊቱ አልታየኝም። ጨልሞ ነበር ለነገሩ።