የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ በረዶው እየቀለጠ ነው፤ እርሻው መቼ ይጀመር?

ሚኒሶታ ውስጥ ትንሽ መሬት ገዝተው ወይም ተከራይተው የሚያለሙ አድማጮቻችን ሰሞኑን ስልካችንን አጨናንቀውታል። ረጅሙ የበረዶ ወቅት ሰልችቷቸዋል፤ ፀሐይ ብቅ ስትል ደግሞ እጃቸው አላርፍ ብሏል። የግብርና ባለሙያችን የሰጡትን መልስ እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

ከኖርዝፊልድ አካባቢ የደወሉ አባት፦ "አምስት ኤከር መሬት አለችኝ። በረዶው ከላዩ ሄዷል፤ ቀን ቀን ፀሐይዋ ደህና ትሞቃለች። ትራክተር ያለው ጎረቤቴ 'ነገ ልረስልህ' እያለኝ ነው። ላሳርሰው?"

አባቴ፣ ጎረቤትዎን አመስግኑትና ትንሽ እንዲታገስ ንገሩት። የላዩ አፈር ደርቆ ቢታይዎ የስሩ ገና ሊሆን ይችላል። እዚህ አገር ብርዱ ሲከፋ መሬቱ እስከ አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ይጠጥራል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፣ በረዶ በብዛት የወደቀበት ዓመት ለአፈሩ የተሻለ መሆኑ ነው። የተከመረው በረዶ አፈሩን እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖት ይከርማል። መሬቱ ጠልቆ የሚጠጥረው በረዶ ሳይጥል ብርዱ ብቻ ሲበረታ ነው።

ችግሩ የሚመጣው በመቅለጫው ወቅት ነው። ላይ የቀለጠው ውሃ ስር ያለው ያልፈታ አፈር ስለሚያግደው መስረጊያ ያጣል፤ የላዩን አፈር ጭቃ አድርጎ ያቆየዋል። በዚህ ላይ ትራክተር ካለፈበት አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ አየርና ውሃ የሚያልፉበት ቀዳዳ ይደፈናል። ያን ጊዜ የተገለበጠው ጭቃ በጁላይ ዶማ የማይበግረው ጓል ሆኖ ያገኙታል። ጉዳቱም በአንድ ዓመት አይጠፋም፤ የአንድ ቀን ችኮላ ለብዙ ዓመት ምርት ያስቀንሳል።

ስለዚህ ከመወሰንዎ በፊት እጅዎን አፈር ውስጥ ያስገቡ። 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍረው አንድ እፍኝ ያውጡና አጥብቀው ይጨብጡት። መዳፍዎን ከፍተው በአውራ ጣትዎ ጫን ሲያደርጉት ከተፈረካከሰ መሬቱ ደርሷል። ተድቦልቡሎ የጣትዎ አሻራ ከቀረበት ገና ነው። አንድ ቦታ ሞክረው አይተዉት፤ ወደ ደቡብ ያዘነበለው ተዳፋት ቀድሞ ይደርሳል፣ ረባዳው ሁለት ሳምንትም ሊዘገይ ይችላል። የደረሰውን ብቻ ያርሱ።

የአፈር ቴርሞሜትርም ይግዙ፣ ዋጋው ትንሽ ነው። አተርና ስፒናች አፈሩ 40 ዲግሪ ፋራናይት ሲደርስ ይበቅላሉ። ድንች ከ45 እስከ 50 ይፈልጋል። ቲማቲምና በርበሬ ግን 60 ሳይሞላ ቢተከሉ ቆመው ይቀራሉ እንጂ አያድጉም።

በቀን መቁጠሪያ ብቻ አይመሩ። በ2018 በኤፕሪል አጋማሽ ከባድ የበረዶ ማዕበል መጥቶ ነበር። በዚያው ዓመት የሚኒቶንካ ሐይቅ በረዶ የለቀቀው ሜይ 5 ነው፤ በተለመደው ዓመት በኤፕሪል አጋማሽ ይለቃል። ከ2022 ወደ 2023 በነበረው የበረዶ ወቅት ደግሞ በሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል 90 ኢንች በረዶ ጥሏል። እንዲህ ባለ ዓመት የአምናውን ቀን ይዞ ማሳ መግባት መሬቱን መጉዳት ነው።

ኮምፖስት ወይም ጠጠር በከባድ መኪና ለማስመጣት ካሰቡም ይጠይቁ። መንገዱ ከስሩ በሚፈታበት ወቅት ክፍለ ግዛቱ የጭነት ክብደት ይገድባል፤ ገደቡ እስከ ስምንት ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

ከብሩክሊን ፓርክ የደወለች እህት፦ "የበርበሬ ዘር በፌብሩዋሪ መጀመሪያ መስኮት ስር አፈላሁ። በቅሏል፣ ግን ግንዱ ቀጥኖ ተስቦ ወደ መስታወቱ ተጣመመ። ተበላሸ ማለት ነው?"

አልተበላሸም፤ ብርሃን አጥቶ ነው። በዚህ ወቅት የመስኮት ብርሃን ለችግኝ አይበቃም። ተራ የኤልኢዲ መብራት ገዝተሽ ከቅጠሉ ጥቂት ኢንች ከፍ አድርገሽ ስቀይው፤ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ይብራ፣ ሌሊት ይጥፋ። ችግኙ ሲያድግ መብራቱንም ከፍ አድርጊው። ሥሩ ዕቃውን ከሞላው ወደ ሰፋ ዕቃ አዛውሪው።

ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አትቸኩዪ። በርበሬ ወደ ውጭ ከሚወጣበት ቀን ስምንት ሳምንት ገደማ ቀድሞ ቢፈላ ይበቃዋል። በእናንተ አካባቢ ያ ማለት የማርች መጨረሻ ነው። ዘሩ ቶሎ እንዲበቅል አፈሩ ከ80 እስከ 85 ዲግሪ መሞቅ አለበት፤ ለዚህ ከስር የሚነጠፍ ማሞቂያ አለ።

ሜይ ሲመጣ ችግኙን በአንዴ ወደ ውጭ አታውጪው። መጀመሪያ ቀን ጥላ ስር አንድ ሁለት ሰዓት ይዋል፣ በየቀኑ ሰዓቱን እየጨመርሽ፣ ፀሐይና ንፋሱን እያለማመድሽ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን አቆዪው። ሌሊቱ ከ50 ዲግሪ በታች መውረዱን ሲተው ትተክይዋለሽ። እንደ ማረቆ ፋና ያለውን፣ ቀልቶ ለድልህና ለበርበሬ እንዲደርስ የሚፈለገውን ዓይነት ከያዝሽ፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ ቤት ውስጥ ብትተክዪው እመክርሻለሁ። እዚህ ውርጩ በሴፕቴምበር መጨረሻ ወይም በኦክቶበር መጀመሪያ ስለሚመለስ፣ ሜዳ ላይ ያለው አረንጓዴ እንደሆነ ሊቀር ይችላል።

ከሄስቲንግስ አካባቢ የደወለ ወንድም፦ "በረዶው ሲቀልጥ የፖም ዛፎቼ ከግርጌ ልጣቸው ተግጦ አገኘኋቸው። ሦስት ዓመት ያሳደግኳቸው ናቸው። ቆርጬ ልጣላቸው?"

ወንድሜ፣ መጋዙን አስቀምጠው። መጀመሪያ ጎንበስ ብለህ ቁስሉን አጥርተህ ተመልከት። ጥርሱ ደቃቅ፣ አቅጣጫው የተዘበራረቀ፣ ቁስሉም ከመሬት አጠገብ ከሆነ የሜዳ አይጥ ናት። እሷ በረዶው ስር መንገድ ሠርታ፣ ከጭልፊትና ከቀበሮ ተሸሽጋ ስትበላ ትከርማለች። ሰፋ ያለ የጥርስ ምልክት ከፍ ብሎ ካየህ፣ ቀጫጭን ቅርንጫፎችም በስለት የተቆረጡ መስለው ከታዩህ ጥንቸል ነች፤ የበረዶው ክምር ላይ ቆማ ነው የደረሰችበት።

ልጡ በግንዱ ዙሪያ ሁሉ ተግጦ ካላለቀ፣ ግማሹ እንኳ ከተረፈ፣ ዛፉ የመዳን ዕድል አለው፤ ቁስሉን ቀለም አትቀባው። ዙሪያውን ካለቀ ግን ቅጠሉ የሠራው ምግብ ወደ ሥሩ መውረጃ ስለሌለው ሥሩ ተርቦ ይሞታል። ያን ጊዜ ቅርንጫፍ እንደ ድልድይ ማሻገር ይቻላል። አሁኑኑ፣ እንቡጡ ሳይፈነዳ፣ ከዚያው ዛፍ እርሳስ የሚያክሉ የአምና ቅርንጫፎች ቁረጥ፤ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልለህ ፍሪጅ አስቀምጥ። ልጡ ከእንጨቱ በቀላሉ መላቀቅ ሲጀምር ሁለቱንም ጫፍ ጠርበህ፣ የታችኛውን ከቁስሉ በታች፣ የላይኛውን ከቁስሉ በላይ ከልጡ ስር አስገባ። ቅርንጫፉ ሲያድግ የነበረበትን አቅጣጫ እንዳትገለብጠው ተጠንቀቅ። በትንሽ ሚስማር አጣብቀህ መገጣጠሚያውን በሰም ድፈነው። ሁለት ሦስት ድልድይ አድርግ፤ ሁሉም ላይይዝ ይችላል።

በመከር ደግሞ እያንዳንዱን ግንድ ቀዳዳው በጠበበ የሽቦ ወንፊት ክበበው። የወንፊቱን ግርጌ መሬት ውስጥ ትንሽ ቅበረው፤ ቁመቱ ከሚጠበቀው የበረዶ ክምር ይብለጥ። በግንዱ ዙሪያ ሣርና ጉዝጓዝ አትተው፤ የአይጧ መደበቂያ እሱ ነው።

"በኦክቶበር የተከልኩት ነጭ ሽንኩርት በጭዱ መሃል ብቅ ብሏል፤ ውርጭ ይገድለዋል?"

አይገድለውም። የቅጠሉ ጫፍ ቢጠወልግ ነው። ጭዱን ከላዩ ገለል አድርገው በመደቦቹ መካከል ያስቀምጡት።

ከፋሪቦልት አካባቢ የደወለች እናት፦ "የጉድጓድ ውሃችን በረዶው ሲቀልጥ ደፈረሰ። አፍልተን እየጠጣን ነው። የሦስት ወር ሕፃን አለን።"

እህቴ፣ ይሄ ከሁሉም ይቅደም። ለሕፃኑ ወተት የምትበጠብጪበትን ውሃ ከዛሬ ጀምሮ የታሸገ አድርጊው። ማፍላት ተህዋሲያንን ይገድላል፤ ናይትሬትን ግን አያጠፋም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይበልጥ ያከማቸዋል። ናይትሬት ከማዳበሪያና ከእበት በቅላጩ ውሃ ታጥቦ ይገባል፤ ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ደም ኦክስጅን መሸከም እንዲያቅተው ያደርጋል። ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደው መጠን በሊትር 10 ሚሊ ግራም ናይትሬት ናይትሮጅን ነው። ውሃውን ለኮሊፎርም ባክቴሪያም ለናይትሬትም አስመርምሪ፤ የካውንቲው ጤና ቢሮ የት እንደሚመረመር ይነግርሻል። የጉድጓዱ ክዳን የተሰነጠቀ ወይም ውሃ የተኛበት መሆኑንም እዪ። ሁሉም ደህና ቢሆን እንኳ ምርመራው በየዓመቱ ይደገም።

"ጤፍ እዚህ ይሆናል? መቼ ልዝራ?"

ቅጠሉ ያለ ችግር ይሆናል፤ ፍሬው ነው አጠራጣሪው። ጤፍ ቀኑ ሲያጥር የሚያፈራ ተክል ነው፤ እዚህ ሰሜን የጁን ቀን በጣም ስለሚረዝም ማፍራቱ ይዘገይና ውርጩ ሊቀድመው ይችላል። አይዳሆ ውስጥ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይመረታል። እዚህ ለመሞከር ከፈለጉ ውርጭ ጨርሶ እስኪያልፍና አፈሩ 65 ዲግሪ እስኪሞቅ፣ እስከ ሜይ መጨረሻ ወይም ጁን መጀመሪያ ይጠብቁ። አገር ቤት ማሳው በከብት እንደሚረገጠው ሁሉ እዚህም አፈሩን በሮለር ጠቅጥቀው ያዘጋጁ፤ ለዚህ ግን አፈሩ መድረቅ አለበት። ዘሩን ከሩብ ኢንች በላይ አይቅበሩት። ለዘንድሮ አንድ መደብ ይበቃል፤ ፍሬ ካልያዘ ለከብት ጥሩ ድርቆሽ ይወጣዋል።