የነፍስ አድን መርከብ ለምን ያስፈልጋል?

ክቡራትና ክቡራን፣

ዛሬ የምናገርለት መርከብ፣ የሰጠመ ሰርጓጅ ውስጥ ያሉትን ለማውጣት የተዘጋጀው፣ ዕድሜውን ሙሉ ሥራ ባይገጥመው ደስ የሚለን ነው። ወደብ ላይ ታስሮ፣ ባሕርተኞቹም ልምምድ ብቻ እየደጋገሙ ዓመታት ያልፋሉ። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚነካውም ለዚህ ነው። እኔ ግን ሰርጓጅ መርከብ የገዛ አገር ሁሉ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ እላለሁ፦ ከታች ያሉት ሲቸገሩ ማን፣ በስንት ሰዓት ይደርስላቸዋል?

ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በዲሴምበር 1927 ኤስ-4 የተባለችው የአሜሪካ ሰርጓጅ በፕሮቪንስታውን አቅራቢያ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ 31 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ወደቀች። ፋልከን የተባለችው ነፍስ አድን መርከብ ደረሰች፤ ጠላቂዎቿም ወረዱ። በፊተኛው ክፍል ስድስት ሰዎች በሕይወት ነበሩ። ግድግዳውን እየመቱ በሞርስ፣ ማለትም በአጭርና በረጅም ምት ፊደል በሚያመለክተው ስልት፣ ይጠይቃሉ፤ ጠላቂውም እየመታ ይመልሳል። ሰው የሚያወጣ መሣሪያ ግን ፋልከን ላይ አልነበረም፤ ማዕበሉም ተነሣ። ስድስቱም ሞቱ።

በሜይ 1939 ስኳለስ የተባለችው ሌላ የአሜሪካ ሰርጓጅ በኒው ሃምፕሻየር አቅራቢያ 74 ሜትር ላይ ሰጠመች። የደረሰችላት ያችው ፋልከን ናት፤ ድሮ ፈንጂ ጠራጊ የነበረች አሮጌ መርከብ። አሁን ግን የማካን ክፍል የሚሉትን፣ ደወል የመሰለ ብረት ጭናለች። ጠላቂ ወርዶ የብረት ገመድ ከሰርጓጇ መውጫ ክዳን ጋር ያያይዛል። ክፍሉ ገመዱን እየጠቀለለ ራሱን ወደ ታች ይስባል። ክዳኑ ላይ ሲያርፍ ከሥሩ ያለው ውኃ ይወጣና የባሕሩ ግፊት ራሱ አጣብቆ ይይዘዋል፤ ያኔ ክዳኑ ይከፈታል። በአራት ምልልስ 33 ሰዎች ወጡ፤ በአራተኛው ገመዱ ተቀርቅሮ ሰዓታት ቢፈጅም። ሌሎቹ 26 ሰዎች ውኃ በገባባቸው ክፍሎች ሞተዋል። መርከቧ ያችው ናት፣ ጥልቀቱ እንዲያውም ከእጥፍ በላይ ነው። የተለወጠው መሣሪያውና ልምምዱ ነው።

የዛሬዎቹ መርከቦች ብዙ ተሻሽለዋል። ፋልከን መልሕቆቿን ዙሪያዋን ጥላ ነበር ከሰርጓጇ በላይ የቆመችው፤ አሁን በኮምፒዩተር የሚታዘዙ ሞተሮች መርከቡን ሞገድ ላይ ያቆሙታል። የግፊት ክፍሎችም ተጭነዋል። የሰጠመው ሰርጓጅ ውስጥ የአየር ግፊቱ ጨምሮ ከሆነ የወጣው ሰው ቀስ በቀስ ወደ ተለመደው አየር መመለስ አለበት፤ አለዚያ ደሙ ውስጥ የሚፈጠረው አረፋ ሊገድለው ይችላል።

ግን መሣሪያ ብቻውን አይበቃም። በኦገስት 2000 ኩርስክ የተባለችው የሩሲያ ሰርጓጅ ውስጧ ፈንድቶ ከሩሲያ በስተ ሰሜን ባለው በባረንትስ ባሕር 108 ሜትር ላይ ስትወድቅ፣ ከ118 ሰዎች 23ቱ ከፍንዳታው ተርፈው በዘጠነኛው ክፍል ተሰብስበው ነበር። የሩሲያ ማዳኛ ሰርጓጆች ክዳኑ ላይ መጣበቅ አቃታቸው። የውጭ እርዳታ የተፈቀደው ከአራት ቀን በኋላ ነው፤ የኖርዌይ ጠላቂዎች ክዳኑን ሲከፍቱ ዘጠኝ ቀን አልፎ ነበር። እርግጥ የሩሲያ ምርመራ 23ቱ በሰዓታት ውስጥ እንደሞቱ ይናገራል፤ ቶሎ ቢጠራም ላይደረስላቸው ይችል ነበር። ፈቃዱን ያዘገየው ሰው ግን ይህን በጊዜው አያውቅም፤ ለእኔ ይቅር የማይባለው እሱ ነው።

በ2005 ኤኤስ-28 የተባለች የሩሲያ ትንሽ ሰርጓጅ ሰባት ሰዎች ይዛ በሩሲያ ምሥራቃዊ ጫፍ ካምቻትካ አጠገብ 190 ሜትር ላይ ተጠላለፈች። የሚገርመው እሷ ራሷ ለማዳን የተሠራች ነበረች! ያን ጊዜ ሩሲያ ሳትዘገይ ጥሪ አሰማች። እንግሊዞች ስኮርፒዮ የተባለውን ሮቦት በአውሮፕላን አምጥተው የያዛትን መረብና ገመድ ቆረጡላት፤ ሰባቱም ከሦስት ቀን በኋላ በሕይወት ወጡ።

ሁሉንም ማዳን አይቻልም። በኤፕሪል 2021 የኢንዶኔዥያዋ ሰርጓጅ ናንጋላ ከ53 ሰዎች ጋር ጠፍታ ስትገኝ 838 ሜትር ላይ ተሰባብራ ነበር፤ የሲንጋፖር ነፍስ አድን መርከብ በፍጥነት ቢንቀሳቀስም ሊያደርግ የሚችለው አልነበረም። ከዚያ ባነሰ ጥልቀት ላይ ሳትሰበር ለምታርፈው ግን መሣሪያው አለ። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ማን ለማን፣ በየትኛው ሰዓት ይደውላል የሚለው ስምምነት ነው፤ እሱ ደግሞ ከመርከቡ ይልቅ ርካሽ ነው።

አመሰግናለሁ።